አባቴና ለቡ የተከፈተው የቻይና ምግብ ቤት

ለቡ ዋናው መንገድ ዳር፣ ቀድሞ ሶፋና አልጋ ይሸጥበት በነበረው ቤት የቻይና ምግብ ቤት የተከፈተው፣ አባቴ ስትሮክ መትቶት መናገር ካቆመ ከወራት በኋላ ነው። ከሥራ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ሆኜ በመስኮት አየው ነበር። መጀመሪያ ሶፋዎቹ ወጡ። ቀጥሎ መስታወቱ በጋዜጣ ተሸፈነ። ከዚያ አንድ ቀን ጋዜጣው ተነሥቶ ቀያይ ፋኖሶች ተንጠልጥለው ታዩ። በሩ ላይ በትልልቅ የቻይና ፊደል የተጻፈ ታፔላ ተሰቀለ፤ ከሥሩ በአማርኛ «የዳምፕሊግ ቤት» ይላል። «ን»ዋን ረስተዋታል። የሁለተኛ ክፍል መምህር ስለሆንኩ ነው መሰለኝ፣ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ የጎደለችው «ን» ቦታ ላይ ነበር የሚያርፈው።

ታክሲ ውስጥ ሰው ስለ ቤቱ ያወራል። «እዚያ ምን እንደሚያበሉ ማን ያውቃል?» ይላል አንዱ። «የሰፈሩ ውሾች እኮ ቀንሰዋል» ይላል ሌላው፤ ተሳፋሪው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ዳምፕሊንግ የሚባለውን ነገር በስልክ ቪዲዮ ካልሆነ በቀር አይቼው አላውቅም፤ እዚያ ቤት እገባለሁ ብዬም አላሰብኩም። በዚያ ሰሞን ሐሳቤ ሁሉ አባቴ ምን ይበላልኝ ይሆን የሚለው ላይ ነበር።

አባቴ የግሬደር ኦፕሬተር ነበር። አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው በመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ነው፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ደግሞ ከቻይናዎች ጋር። እኛ ላፍቶ ስናድግ እሱ አፋር፣ ጋምቤላ፣ ወይም ስሙን የማናውቀው ቦታ ሆኖ አፈር ሲደለድል ኖረ። በየጥቂት ወሩ ይመጣል። ፀሐይ ያጠቆረውን ፊቱን ይታጠባል፣ እሑድ አብሮን ጸሎት ቤት ይሄዳል፣ ዘመድ ይጠይቃል፣ ከዚያ ተመልሶ ይሄዳል። ስለ ካምፑ አያወራም። ስንጠይቀው «አቧራ ነው፤ አቧራ ምን ይወራል» ይለን ነበር። ምን ይበላ እንደነበር፣ ከማን ጋር ያመሽ እንደነበር፣ ምን ያስቀው እንደነበር አላውቅም። ጡረታ ወጥቶ ሲመጣ እናቴ በሕይወት አልነበረችም፤ ወንድሜም ሀዋሳ ሥራ ይዞ ሄዷል። እኔና እሱ ለቡ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መኖር ጀመርን። እርስ በርስ ገና እየተላመድን ሳለ ነው በሽታው የመጣው።

ክረምት ላይ አንድ ጠዋት ሸሚዙን መቆለፍ አቃተው። ልቆልፍልህ ብዬ ስጠጋው አፉ ወደ አንድ ወገን ተጣሞ ነበር። ከሆስፒታል ሲወጣ ቀኝ እጁ ዝሎ፣ ቀኝ እግሩን እየጎተተ፣ ከቃል ሁሉ አንዲት ቃል ብቻ ይዞ ወጣ፤ «እኮ»። ውሃ ሲፈልግ «እኮ»፣ ሲያመው «እኮ»፣ ሲቆጣ «እኮ! እኮ!»። ሐኪሙ፣ «የሚባለውን አብዛኛውን ይሰማል፤ ቃሉን ማውጣት ነው የሚያቅተው» ብሎ አስረዳኝ። አጎቴ ከወላይታ ደውሎ በልጅነት ቋንቋቸው አነጋገረው። ስልኩን ጆሮው ላይ ይዤ ቆምኩ። የአባቴ እንባ በጉንጩ ወረደ እንጂ አንድ ቃል አልመለሰም።

ተማሪዎቼን የማስተምርባቸውን የሥዕል ካርዶች ከትምህርት ቤት አምጥቼ ላም፣ ቤት፣ ዛፍ እያልኩ አሳየው ጀመር። ካርዱን በግራ እጁ ይቀበለኝና አገላብጦ አይቶ በትሕትና ይመልስልኛል። አንድ ቀን ላሟን ይዞ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ቆየ። መጣ፣ መጣ ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። «እኮ» አለና ካርዱን ወረወረው። በማግስቱ ካርዶቹን ወደ ሀና ማርያም፣ ወደ ትምህርት ቤቴ መለስኳቸው።

ከንግግሩ ይልቅ ያስጨነቀኝ ግን አለመብላቱ ነበር። ገንፎ አገንፍቼ፣ ዶሮ ቀቅዬ፣ ቆጮና ጎመን ከመርካቶ አስመጥቼ አቀርባለሁ። አንድ ሁለት ጊዜ ይጎርስልኝና ፊቱን ያዞራል። ቀን ቀን አብራው የምትውለው ጎረቤታችን «ልጄ፣ አባትሽ እያለቁ ነው» ትለኛለች። ይታየኝ ነበር፤ ቀበቶው ላይ በቢላ አዲስ ቀዳዳ የበሳሁት እኔ ነኝ። «ምን ላድርግ?» እላታለሁ። «ጸልዪ» ትለኛለች። እጸልያለሁ፤ ጸልዬ ስነሳ ሳህኑ እንደነበረ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ላፍቶ ያለ ክሊኒክ የእግር እንቅስቃሴ ያሠሩታል። አንድ ቅዳሜ ከዚያ ስንመለስ፣ ከታክሲ ወርደን በዝግታ ወደ ቤት ስናዘግም፣ ምግብ ቤቱ ፊት ለፊት ስንደርስ አባቴ ቆመ። ደክሞት መስሎኝ «ትንሽ እንረፍ?» አልኩት። እሱ ዓይኑን ታፔላው ላይ ተክሏል፤ የሚያየው የቻይናውን ጽሑፍ ነበር። ከዚያ በደህናው እጁ ክንዴን ጨምድዶ ወደ በሩ ጎተተኝ።

«ምን ፈልገህ ነው አባዬ? ይሄ የቻይናዎች ቤት ነው» አልኩት።

«እኮ።»

«ሥጋቸው ምን እንደሆነ አናውቅም።»

«እኮ!»

ከታመመ ጀምሮ ወደ የትም ጎትቶኝ አያውቅም ነበር። የበሩን ደፍ ደግፌ አሳልፌው ገባን።

ውስጡ አሁንም የሶፋ ቤት ቀለም ይሸታል፤ ከቀለሙ ጋር ነጭ ሽንኩርት፣ ኮምጣጤና የፈላ ውሃ እንፋሎት ተደባልቋል። ፋኖሶቹ የመጡበት ላስቲክ አልተገፈፈላቸውም። የምረቃው ፊኛዎች ጣራው ጥግ ላይ አየራቸው ወጥቶ ተንጠልጥለዋል። ጠረጴዛዎቹ ላይ ስስ ላስቲክ ተነጥፏል። አንድ ጥግ ሥራ ልብሳቸውን ያላወለቁ ቻይናዎች፣ የራስ መከላከያ ቆባቸውን ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ጮክ ብለው እያወሩ ይበላሉ። ከሚበሉት ውስጥ ሐበሻ እኛ ብቻ ነበርን። ሁሉም ዞረው ያዩን መሰለኝ፤ የአባቴ እግር ሲንፏቀቅ ወለሉ ላይ ድምፅ ያሰማል። በበሩ አጠገብ ባለው ወንበር አስቀመጥኩትና እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

አስተናጋጇ ሂጃብ ያደረገች ወጣት ናት። ሁለት ብርጭቆ አምጥታ አስቀመጠች። ይተናል፤ ግን ምንም ቀለም የለውም።

«ሻይ ቅጠሉን ረሳችሁት መሰለኝ» አልኳት።

ሳቀች። «ውሃ ነው እህቴ። እነሱ ትኩስ ውሃ ነው የሚጠጡት።»

እኔ ይህን ስሰማ አባቴ ብርጭቆውን በግራ እጁ አንሥቶ፣ እፍ እፍ ብሎ ፉት አለው። ቤት ውስጥ ውሃ ለማጠጣት ስንት የምለማመጠው ሰው ነው።

ሜኑው በፎቶ የተሞላ ነው፤ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት መሰለኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «የአሳማ አለበት?» ብዬ ጠየቅኳት።

«እኔም ሥራ ስገባ መጀመሪያ የጠየቅኩት እሱን ነው» አለችኝ ጎንበስ ብላ። «የአሳማው ለብቻው ነው፤ ድስቱም ለብቻው። የበሬ በባሮ ሽንኩርት አለ፤ እንቁላል አለ፤ ጎመን አለ። እኔ ከበሬው እበላለሁ።» ስልጤ መሆኗንና ቻይንኛዋን ዱከም ፋብሪካ ስትሠራ እንደለቀመችው የነገረችኝ በኋላ ነው።

የበሬውን አዘዝኩ። ልጅቷ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ዞራ ትእዛዙን ስትናገር፣ አባቴ ከወንበሩ ቀና አለ። አንገቱን አስግጎ፣ ከታመመ ወዲህ ሰምቼው በማላውቀው ወፍራም ድምፅ «ችፋን!» ብሎ ተጣራ።

ቻይናዎቹ ወሬያቸውን አቋረጡ። ልጅቷም ዞር አለች። «ምግብ እንብላ ማለት ነው» አለችኝ ዓይኗ ፈጦ። «አባባ ቻይንኛ ይችላሉ እንዴ?»

በወጥ ቤቱ መስኮት አንዲት ሴት ብቅ አለች፤ የቤቱ ባለቤት ናት። ፀጉሯ አጭር፣ ዕድሜዋ ከኔ ከፍ ያለ፣ ክንዷ እስከ ክርኗ በዱቄት የነጣ። እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጥታ አባቴ ፊት ቆመችና በቻይንኛ አንድ ነገር ጠየቀችው። አባቴ መለሰላት። አንድ ቃል አይደለም፤ ተከታታይ ቃል ነው የመለሰላት። «ሀው፣ ሀው» አለ። «ፐንግዮ» አለ። ከዚያ ግራ እጁን ወደ ደረቱ እየሳበ «ዳው፣ ዳው፣ ዳው… ቲንግ!» አለና ሳቀ። ሴትዮዋም ሳቀች። ከጥጉ ያሉት ወንዶችም ሳቁና አንደኛው አውራ ጣቱን አነሣለት።

ስልኬን አውጥቼ ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

«አባዬ እያወራ ነው!» አልኩት።

«ምን? ምን አለ?»

«እያወራ ነው እልሃለሁ! በቻይንኛ!»

የሚስቅ መሰለኝ፤ ቆይቶ ግን እያለቀሰ እንደሆነ ገባኝ። «ስጪው፣ ስጪው እስቲ» አለኝ። ስልኩን አባቴ ጆሮ ላይ አደረግኩለት። አባቴ የወንድሜን ድምፅ ሲሰማ ፊቱ በራ። «ፐንግዮ! ሜዮ፣ ሜዮ! ኳይ ኳይ!» አለው። ወንድሜ ከዚያ ማዶ በአማርኛ «አባ፣ ደህና ነህ? አባ!» ይላል። ስልኩን መልሼ ስወስደው «ምን እያለኝ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አላወቅኩም። «ሰላም እያለህ ነው» አልኩትና ዘጋሁ።

ሴትዮዋ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ልጅቷ ጠረጴዛችን አጠገብ ቆማ ቀረች። ፊቷ ላይ እንደኔ ደስታ አልነበረም።

«ምን ተባባሉ?» አልኳት።

«እሷ ከየት እንደመጡ፣ ቻይንኛ የት እንደተማሩ ነው የጠየቀቻቸው።»

«እሱስ ምን አላት?»

ትሪዋን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «እሳቸው… ወደ ኋላ ነው የሚሉት።»

«ምን?»

«ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ቁም። መኪና የሚያስመልሱ ሰዎች እንደሚሉት። አሁን በስልኩ ደግሞ የለም፣ የለም፣ ቶሎ ቶሎ ነው ያሉት። ቅድም ደግሞ ጥሩ ጥሩ፣ ጓደኛዬም ብለዋል። የሚጠየቁትን አይደለም የሚመልሱት እህቴ። ይቅርታ።»

ይቅርታዋ ምን እንደሚያደርግልኝ አላወቅኩም። አባቴን አየሁት። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ወደ ወጥ ቤቱ ያያል፤ ከሰው ጋር ቁም ነገር አውርቶ እንደጨረሰ ሰው ፊቱ ረክቷል። የሚናገረው ከጥያቄው ጋር እንደማይገናኝ ያውቅ ይሆን? ወይስ ውስጡ ትክክለኛውን እያሰበ አፉ የሚያመጣለት የመንገድ ሥራ ሳይቱን ቃል ብቻ ይሆን? ልጠይቀው አልችልም፤ ብጠይቀውም የሚመልስልኝ «እኮ» ነው። ለኔ «እኮ» ብቻ ነው ያለው። ለዚያች ሴት ግን የሚላት ነገር አገኘ። ምንም ይሁን ምን እሷን አነጋገራት።

ምግቡ መጣ። በነጭ ሳህን ላይ የተደረደሩ፣ ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ፣ ጠርዛቸው በጣት የተቆነጠጠ፣ የሚያብረቀርቁ። ሊጡ ከመሳሳቱ የተነሣ ውስጡ ያለው አረንጓዴ ያስታውቃል። አጠገቡ በትንሽ ሳህን ጥቁር ኮምጣጤ፣ በሌላው ደግሞ ዘይት ውስጥ የተነከረ በርበሬ አለ። የመጀመሪያውን በሹካ ወግቼ ነከስኩት፤ ትኩስ መረቅ አገጬ ላይ ፈሰሰ፣ ምላሴም ተቃጠለ። እውነቱን ለመናገር አልወደድኩትም። ያልበሰለ ሊጥ የበላሁ መሰለኝ፤ ጨውም አነሰኝ። ከበርበሬው ነክሬ ስሞክረው ትንሽ ተሻለኝ።

አባቴ ሹካውን ገፍቶ የመብያ እንጨቶቹን አነሣ። ድሮ በቀኝ እጁ ይበላባቸው እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት፤ ምክንያቱም እንጨቶቹን በግራው ይዞ የሞተውን ቀኝ እጁን ማየት ጀመረ። በግራው ሞከረ። አንዱ እንጨት ወደቀ። አነሣሁለት። ደግሞ ሞከረ፤ ዳምፕሊንጉ ተንሸራትቶ ላስቲኩ ላይ አረፈ። ልርዳህ ብዬ እጄን ስዘረጋ በክርኑ መለሰኝ። ባለቤቷ ከመስኮቱ ታየው ኖሮ የሸክላ ማንኪያ አምጥታ አስቀምጣ ሄደች። አባቴ ማንኪያውን አይቶ አይቶ አነሣው።

በላ። እያኘከ፣ ዓይኑን እየጨፈነ፣ ከንፈሩ ላይ ኮምጣጤ እየፈሰሰ በላ። ሳህኑ አለቀና ሌላ አዘዝኩ። እኔ ምግቤን ትቼ እሱን ሳይ እንባዬ ይመጣል፤ ተደስቼ ይሁን ከፍቶኝ መለየት አቃተኝ። በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ልጁ እጅ የቀረበለትን ሁሉ እምቢ ያለ ሰው፣ እኔ የማልወደውን፣ ስሙን እንኳ በትክክል የማልጠራውን ምግብ እየበላ ነው። እናቴ ብትኖር ይህን ታውቅለት ነበር? አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ መግባት ጀመርን። ሴትዮዋ ሁልጊዜ ደግ አልነበረችም፤ ቤቱ ሲሞላ ቀና ብላም አታየንም፣ አንዴ እንዲያውም የተቀመጥንበትን ወንበር ለሌሎች አስለቅቃናለች። ሥራው ሲቀልላት ግን ወጥታ አባቴን «ፐንግዮ» ትለዋለች። እሱ እነዚያኑ የሳይት ቃላት ይደረድርላታል፤ እሷም የገባት ይመስል ራሷን እየነቀነቀች ትመልስለታለች። ልጅቷ መተርጎም ትታ ነበር። እኔም መጠየቅ ትቼ ነበር። ጎረቤታችን «ፊታቸው ሞላ አይደል?» ስትለኝ፣ ከቀበቶው ቀዳዳ አንዱን መልቀቄን ነገርኳት።

አንድ ቅዳሜ አባቴ ቸኮለ። ገና ሳህኑ ሳይቀርብ በማንኪያው ጠረጴዛውን ይመታ ነበር። የመጀመሪያውን አኝኮ ሳይጨርስ ሁለተኛውን ጨመረ። ወዲያው ዓይኑ ፈጠጠ። አልሳለም፤ ድምፁ ሁሉ ጠፋ። ማንኪያው ወድቆ ተሰበረ። ፊቱ ሲጠቁር አየሁት። «አባዬ! አባዬ!» እያልኩ ጀርባውን እመታለሁ፣ ውሃ እሰጠዋለሁ፤ ውሃው በአፉ ተመልሶ ይፈሳል። ትምህርት ቤት ውስጥ የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ወስጄ ነበር፤ በዚያች ሰዓት አንዱም አልመጣልኝም። ከጥጉ ከተቀመጡት ወንዶች አንዱ ወንበሩን ገልብጦ ተነሣ፣ እኔን ገፍቶ አባቴን ከኋላው አቅፎ ሆዱን ወደ ላይ ሳበው፤ አንዴ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። ሊጡ ወጣ። አባቴ ተነፈሰ። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ መቼ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ሰውየውን ማመስገን ፈልጌ በምን ቋንቋ እንደማመሰግነው ጠፋኝና እጁን ሳምኩት። አፍሮ እጁን ነጠቀኝ።

ሐኪሙ መርምሮት ሲያበቃ ተቆጣኝ። «የመዋጫ ጡንቻው ደክሟል። ደረቅ ነገር፣ የሚታኘክ ነገር፣ ሊጥ የሚባል ነገር ከእንግዲህ የለም። ወደ ሳንባው ከገባ ታጪዋለሽ» አለኝ።

«ሌላ ነገር አይበላልኝም እኮ ዶክተር።»

«ገባኝ። ግን የምልሽ ይህንኑ ነው።»

ለአባቴ በዝግታ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ነገርኩት። ሰማኝ። ራሱንም ነቀነቀ። ቅዳሜ ግን ምግብ ቤቱ ጋ ስንደርስ ክንዴን ያዘ። «አይቻልም አባዬ፣ ዶክተሩ ምን አለ?» አልኩት፤ እየጎተትኩ አሳለፍኩት። በሚቀጥለው ሳምንት በባጃጅ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ወሰድኩት። ባጃጁ ወደማናውቀው መንገድ ሲታጠፍ አባቴ ዞሮ አየኝ። ያን ሳምንት ገንፎም አልቀመሰልኝም።

ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ባጃጅ ጠፋ፤ በዋናው መንገድ መጣን። በሩ ጋ ስንደርስ ቆመ። ስጎትተው አልሄድ አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ከደፉ አጠገብ፣ አስፋልቱ ዳር መሬት ላይ ተቀመጠ። ዕድሜውን በሙሉ ሸሚዙን ተኩሶ የሚለብስ ሰው አቧራ ላይ ተቀመጠ።

«አባዬ ተነሥ፤ ሰው እያየን ነው።»

«እኮ።»

«እባክህ።»

ላነሣው ሞከርኩ፤ ከበደኝ። ሰው መሰብሰብ ጀመረ። «ምን ሆኑ አባት?» ይላል አንዱ። «ርቧቸው ነው፤ አብሊያቸው እንጂ» ትላለች ጎመን ተሸክማ የምታልፍ ሴት። «ሐኪም ከልክሎት ነው» እላለሁ። «ሐኪም ምን ያውቃል! ሽማግሌ የፈለገውን ነው የሚሰጡት» ይላል ሌላው። ሁሉም ትክክል የሆነ መሰለኝ። ብሰጠው ሊሞት ይችላል፤ ባልሰጠው ዓይኔ እያየ ያልቃል። ሁለቱንም የማደርገው እኔ ነኝ። መሬት ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩና እሱን ደግፌ አለቀስኩ። ከሱ ሌላ የምደገፍበት አልነበረኝም።

ልጅቷ ከውስጥ አይታን ወጣች፤ ባለቤቷን ጠራቻት። ሐኪሙ ያለውን ነገርኳትና ለሴትዮዋ ተረጎመችላት። ሴትዮዋ አዳመጠች። አባቴ ፊት ቁጢጥ ብላ በቻይንኛ አናገረችው፤ ድምፅዋ እንደ ቁጣም እንደ ልመናም ነበር። ከዚያ በአንድ በኩል እሷ፣ በሌላው እኔ ይዘነው ገባን።

ጥቂት ቆይታ በጎድጓዳ ሳህን በእንፋሎት የበሰለ እንቁላል አመጣች። እንደ እርጎ የረጋ፣ ቢጫ፣ ማኘክ የማይፈልግ። «ይሄ ይወርዳል፤ አገሯ ላይ ጥርስ ለሌላቸው የሚሰጥ ነው አለች» ብላ ልጅቷ ነገረችኝ። አባቴ አንድ ማንኪያ ወሰደ። አፉ ውስጥ አቆየው። ከዚያ አፉን ከፍቶ ወደ ሳህኑ መለሰው፤ ሌላው ጠረጴዛ ላይ ወደሚበሉት ዳምፕሊንግ እያየ «ሜዮ» አለ። የለም።

ሴትዮዋ አንድ ነገር ተናገረችና ትከሻዋን ሰበቀች። «እኔም ከዚህ ሌላ የማውቀው የለኝም ነው ያለችው» አለች ልጅቷ።

ይህ ከሆነ ቆየት ብሏል። አሁንም ቅዳሜ እንገባለን። ከሌሎቹ ራቅ ያለች፣ ወደ ግድግዳው የዞረች ጠረጴዛ ይሰጡናል፤ የሰው ሳህን እንዳያይ። እንቁላሉን አንዳንዴ ግማሹን ይበላል፣ አንዳንዴ አይነካውም። ቀበቶውን ትቼ ሱሪውን በገመድ ማሰር ጀምሬያለሁ። ወንድሜ ሲደውል «ዛሬስ አወራ?» ይለኛል። ከቻይንኛው ቃላት አንዳንዶቹ ከጠፉ ሰንብተዋል። «ዳው ዳው»ን ከሰማሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ልጅቷ ፈቃድ ወጥታ አልነበረችም። ባለቤቷ ራሷ እንቁላሉን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ፣ አባቴን ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ጠየቀችው። አጭር ጥያቄ ነው፤ መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ከፍ አለ። አባቴ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ምንም አልወጣም። ዞሮ እኔን አየኝ፤ እሱን ወክዬ እንድመልስለት ጠበቀኝ። ሴትዮዋም እኔን አየችኝ። የተጠየቀውን አላወቅኩም። ከዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ድስት ሲገነፍል ተሰማና እየሮጠች ሄደች።